የዘንገናን ዕፅዋትና እንጉዳይ በስም ያወቁት መምህርት ዘውድነሽ ይኸነው

መምህርት ዘውድነሽ ከአባታቸው ከአቶ ይኸነው ፈንቴና ከእናታቸው ከወ/ሮ ደብሪቱ አለምነው፣ ከዘንገና ሐይቅ ማዶ ባለች መንደር ኅዳር 12 ቀን 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ያደጉት በቤት አዊኛ፣ በትምህርት ቤት አማርኛ እየተናገሩ ነው። እናታቸው መድኃኒት አዋቂ ነበሩና ልጃቸውን ይዘው ጫካ ሲገቡ አስቀድመው ያስተማሯቸው የማይነካውን ነው፤ የትኛው ሥር እንደሚገድል፣ የትኛው የጅብ ጥላ ተቀቅሎም መርዙ እንደማይለቅ።

አንደኛ ደረጃን በእንጅባራ፣ ሁለተኛ ደረጃን በዳንግላ ተከታትለው በመምህርነት ከሠለጠኑ በኋላ፣ ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ ለሠላሳ ስምንት ዓመት ባዮሎጂ አስተምረዋል። በ1977 ዓ.ም. ከአቶ ሽባባው ውበቴ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሕይወትንና አስቻለውን ወልደዋል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከዘንገና እስከ ጥርባ በእግራቸው እየተጓዙ ቅጠል ይለቅሙ ነበር። እያንዳንዱን በአሮጌ ጋዜጣ መካከል አድርቀው፣ የተገኘበትን ቦታና ቀን፣ የአዊኛና የአማርኛ ስሙን ይጽፉበታል። እንጉዳይ ሲደርቅ መልኩ ስለሚጠፋ በእርሳስ ይሥሉታል። በዚህ ዓይነት ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ዕፅዋትና ዘጠና አራት እንጉዳዮች መዝግበዋል። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ግን በአንዳንዱ ገጽ ጥግ በቀይ ቀለም «ሄጄ አጣሁት» የሚል ተጽፎ ይገኛል። ቀዩ ጽሑፍ ከዓመት ዓመት እየበዛ ሄዷል።

በ2008 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው አቶ አንዳርጋቸው ከወላጆቻቸው የወረሱትን ጫካ መንጥረው፣ ለከሰል የሚሆነውን ዲከረንስ የተባለ ዛፍ ሊተክሉ ተነሡ። መምህርት ሦስት ቀን ተመላልሰው ለመኗቸው። አቶ አንዳርጋቸው የሚያስተምሯቸው አራት ልጆች ነበሯቸው፤ በአዲስ ቅዳም በኩልም ብዙ ገበሬ በዚሁ ዛፍ ሽያጭ ቤት ሲሠራ አይተዋል። እታለም የሚሏቸውን እኅታቸውን ማስቀየም እንደማይፈልጉ፣ ነገር ግን በቅጠል ስም ልጅ እንደማይማር ነገሯቸው። መምህርት አልተቆጡም። «አንዳርጌ፣ አንድ ዛፍ ብቻ ከተከልክ አንድ በሽታ ይበቃሃል» ብለው ሄዱ።

በ2012 ዓ.ም. ክረምት፣ በዲከረንስ ቅጠል ላይ ዝገት የመሰለ ቡናማ ዱቄት አገኙ። በጣታቸው ቢነኩት ብን ብሎ በነፋስ ሄደ። የሻጋታ ዘር መሆኑን ስላወቁ፣ ችግኝ ከቦታ ቦታ እንዳይዘዋወር በየቀበሌው እየዞሩ ተናገሩ። ሰሚ አላገኙም። በዓመቱ የወንድማቸው ተክል እሳት የበላው መስሎ ከጫፉ ደረቀ። አቶ አንዳርጋቸው መጥተው ከደጃቸው አንገታቸውን ደፍተው ሲቀመጡ፣ መምህርት ያለፈውን አላነሡባቸውም። ከዚያው ከተመነጠረው ጫካ ቀድሞ ለቅመው ያኖሩትን ሰባት ዓይነት ዘር አውጥተው ሰጧቸው። የበቀለው ሁለቱ ብቻ ነው።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ የልብ ሕመም ጸንቶባቸው ሐኪም መንገድ ከልክሏቸው ነበር። ሆኖም በነሐሴ ኪዳን ለማድረስ በባጃጅ ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን በመጡ ጊዜ፣ በግቢው ካሉት የኮሶ ዛፎች ግንድ ሥር እንደ መደርደሪያ የወጣ ጠንካራ እንጉዳይ አዩ። ቄስ ገብረ ማርያምን አስጠርተው «አባ፣ ይህ ከወጣ ዛፉ ውስጡ አልቋል፤ ቆሞ የሚታየው ቅርፊቱ ነው» አሏቸው። እንጉዳዩ የወጣባቸውን ዛፎች በምርኩዛቸው እየነኩ ሲቆጥሩ ዐሥራ አንድ ሆኑ። በመስከረም ሁለቱ ነፋስ ሳይኖር፣ ቅጠላቸው እንደለመለመ ወደቁ።

መምህርት ዘውድነሽ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸው አቶ ሽባባው፣ ሁለቱ ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና ወንድማቸው አቶ አንዳርጋቸው ሐዘን ላይ ናቸው።

በመጨረሻ ሳምንታቸው ለልጃቸው ለሕይወት ያስጻፉት ቃል አለ፤ በዛሬው ዕለት እንዲነበብ አዘዋል፦ «ለቀብሬ የምትመጡ ወገኖቼ፣ በምዕራብ በር ካለው ትልቁ ኮሶ ሥር አትቁሙ። ፀሐይ ቢበረታባችሁም በጥላው አትታለሉ።» ስለዚህ በዚያ በኩል የቆማችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ይህ ንባብ ሳያልቅ ወደ ምሥራቅ እንድትጠጉ ቤተሰቡ በትሕትና ይለምናል።

የፍጥረቱን ሁሉ ስም የሚያውቅ እግዚአብሔር የመምህርትን ስም በሕይወት መጽሐፍ ይጻፍልን፤ ነፍሳቸውን በጻድቃን ማረፊያ ያኑርልን፤ የቀረነውንም ይጠብቀን። አሜን።