የእማዬ ሰማያዊ ጋዋን

ውድ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። እማዬማ ከደህናም አልፋ ሰፈሩ ጠቧታል። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

የከተማው የሥነ ጥበብ ሙዚየም አዲሱን ቅርንጫፉን የት የከፈተ ይመስልሃል? እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰፋ በኖረችበት የድሮ የልብስ ስፌት አዳራሽ። ሥዕሎቹን የምሰቅለው ደግሞ እኔው እህትህ ነኝ። ሙዚየሙ ሥዕሎቹን በየቅርንጫፉ ያዞራል፤ አንዱ ጋ ጥቂት ወራት ይሰነብቱና ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ለመክፈቻው ከመጡት ሳጥኖች የመጀመሪያውን ስከፍት ያንተ ሥዕል ብቅ አለ፤ እማዬ በሰማያዊ የሥራ ጋዋኗ፣ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ፣ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ።

ደስ አለኝ፤ ወዲያው ግን ደነገጥኩ። ሥዕሉን ለሙዚየሙ የሰጠህ ጊዜ እማዬ "ምነው፣ ደህና ልብስ የለኝም ወይ?" ካለችህ ወዲህ፣ በአደባባይ ያዋረድካት መስሎህ እግርህ ከቤት መቅረቱን አውቃለሁ። ቅያሜዋ በሰው ፊት ቢወጣስ? ቢሆንም ሳልነግራት መቅረት አልሆነልኝም። ስነግራት መክፈቻው መቼ እንደሆነ ብቻ ጠየቀችኝ።

የመክፈቻው ዕለት እንግዳው ሁሉ አምሮበት መጣ። እማዬ የክት ልብሷን ትታ ያንን ጋዋን ተኩሳ ለብሳ ከች አለች። ጥበቃው የጽዳት ሠራተኛ መስላው የጓሮውን በር ሲያሳያት፣ አመስግናው በዋናው በር ገባች። ቀጥ ብላ ሄዳም ሥዕሉ አጠገብ ቆመች።

"እኔው ነኝ፤ የሣለኝም ልጄ ነው" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻላት! የድሮ የሥራ ጓደኞቿን እጃቸውን ይዛ እየጎተተች ታሳያለች፤ ያኔ ማበጠሪያ ለማንሳት ጊዜ የነበረው ማን ነው እያለች በገዛ ፀጉሯ ታስቃቸዋለች። እኔ ጥግ ይዤ በሁለታችሁም ኮራሁ። አለቀስኩም፤ ምን ታደርገኛለህ?

ቤት ገብተን ጫማዋን ሳወልቅላት ያንን የድሮ ንግግሯን አነሳሁባት።

"በጋዋኑ አፍሬ ነበር" አለችኝ። "በልጄ አፍሬ አላውቅም። ዛሬ ግድግዳው ላይ ሳየው ግን፣ ያሳደጋችሁ ይኸው ጋዋን አይደል እንዴ አልኩ።"

ሥዕሉ በቅርቡ ወንዝ ማዶ ወዳለው ቅርንጫፍ ይሄዳል። እማዬም ጋዋኗን አጥባ አስጥታለች፤ አብራው ልትዞር ቆርጣለች። እንደምጽፍልህ ስትሰማ ይቺን ጨምሪበት አለችኝ፦ "ሠዓሊው የታለ ሲሉኝ፣ ለሚቀጥለው ይመጣል ብያለሁ። ውሸታም እንዳያደርገኝ።"

እሷ ከሥዕሉ በስተግራ ትቆማለች። የቀኙን ላንተ ይዤልሃለሁ።

መዶሻ ከእጇ የማይለይ
ታናሽ እህትህ