«ታሟል፤ ቶሎ ትምጣ»

ውድ አያ አድማሴ፣

ዕድሜዬን ሙሉ አንቱ ስልህ ኖሬ ዛሬ አንተ ስላልኩህ አትቀየም። ምክንያቱን መጨረሻው ላይ ታገኘዋለህ። ዓይኔ ፈዟል ካልክ ልጅህ ፅዮን ታንብብልህ፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ ቤቴን የተከራዩ ተማሪዎች ቴሌግራም የሚሉትን ስልኬ ላይ ጫኑልኝ። እኔ የማውቀው ቴሌግራም በቃል ቁጥር የሚከፈልበት፣ ከአይከል ቴሌ ቢሮ በሰው እጅ የሚመጣ ቁራጭ ወረቀት ነው። በደጉ ጊዜ «እንኳን ደስ አላችሁ» ይባልበት ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ግን መልእክተኛው ወደ ሰፈራችን ሲታጠፍ ሴቱ ሁሉ እዬዬውን ይጀምር ነበር።

የእኔ የመጣ ዕለት ፊደል ስለማልለይ ላንተ ሰጠሁህ። የዘመተው ባሌ የባምላክ ታላቅ ወንድም፣ የቤቱ አንባቢ አንተ ነበርክ። «ባምላክ ታሞ ጎንደር ሆስፒታል ተኝቷል። ሽታዬ ቶሎ ትምጣ» ብለህ አነበብክና ወረቀቱን አጠፍከው። እኔ ስንቄን ቋጠርኩ። አንተ ፈታኸው።

«የት ልትሄጅ?»

«ታሟል ነው እኮ የሚለው፣ አያ።»

«ምነው፣ ልጅ ነሽ እንዴ? ሞተ ብሎ ቴሌግራም የሚመታ ማን አለ? ሰው ደንግጦ እንዳይወድቅ ታሟል ይባላል። ያገር ወግ ነው።»

«ቢሆንም ሄጄ ልየው!»

«የወታደር ሬሳ ማን ይሰጥሻል? አርፈሽ ባልሽን አልቅሺ።»

ሽማግሌዎቹም «እውነቱን ነው» አሉ። ፀጉሬን ተላጨሁ፣ ፊቴን ቧጨርኩ። ጎንደር በማኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነበር።

የአርባ ቀኑ ተዝካር ዕለት ካህናቱ እየበሉ ሳለ አንድ ወታደር በክራንች እያነከሰ ገባ። ወንዴ ይባላል፤ ቴሌግራሙን ያስላከው እሱ ነበር።

«የማን ተዝካር ነው?» አለ።

«የባምላክ።»

ያነሳውን ጠላ መልሶ አስቀመጠ። «ባምላክማ የሞተው ባለፈው ሳምንት ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ‹ሽታዬ ናት?› ይል ነበር። ቆስሏል ማለት ስለተከለከልን ነው ታሟል ያልነው።»

አንዱ ቄስ የጎረሰውን ወደ መዳፉ መለሰው። አንተ ግን ምን አልክ? «እንግዲህ ተዝካሩ ወጥቷል፤ ሁለተኛ አያስፈልገውም።»

ስልሳን አልፌ የማታ ትምህርት የገባሁት ዳዊት ልደግም አይደለም። ከእንግዲህ ማንም እንዳያነብልኝ ብዬ ነው።

ማክሰኞ የፅዮን መልእክት ደረሰኝ። ራሴ አነበብኩት፦ «አባዬ በጠና ታሟል። ሽታዬ ይቅር ሳትለኝ እንዳልሞት ይላል። ቶሎ ነይ።»

እንዳስተማርከኝ ገባኝ። ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ፣ ለዕድር አስነገርኩ። ድንኳን ተተከለልህ፣ ንፍሮ ተቀቀለልህ። ጎረቤቴ እታገኘሁ «ደውለሽ አጣርተሻል ወይ?» ብትለኝ «ልጅ ነሽ እንዴ?» አልኳት። ከዚያማ «ሸጋ ሰው ነበሩ» እያለች አለቀሰችልህ። ሙት አይወቀስም። አንቱም አይባልም።

ይህን ወረቀት ለአይከል ሚኒባስ ሾፌር ሰጥቼዋለሁ። በስልክ አልላክሁትም፤ ስልክ ይፈጥናል። እስኪደርስህ ድረስ በሩ በተከፈተ ቁጥር እኔ የመጣሁ መስሎህ ቀና ስትል ከርመህ ይሆናል። አሁንም ቀና ማለቱን አትተው።

ነፍስህን ይማር።

የወንድምህ ሚስት
ሽታዬ