አውራጇ ሳትጀምር

ሰኞ፣ ነሐሴ፣ ፍኖተ ሰላም

ዛሬ ከመድረኩ አወረዱኝ። በልጆቹ ፊት፣ ፈገግ እያሉ። ጋሽ ይልማ ናቸው፤ በሙዚቃ ትምህርት ቤት የመሪ ዱላ አያያዝ ያስተማሩኝ። ለቴአትር ዜማ ደርሰዋል፣ ለፊልም ደርሰዋል፤ ማርሽ ባንድም ኦርኬስትራም ቢሰጧቸው ይመራሉ። የአዲስ አበባ ትልልቅ አዳራሾች ቆመው ያጨበጭቡላቸዋል። እዚህ ድረስ እንዲመጡ የለመንኳቸው እኔው ነኝ። «የሠራሁትን ይስሙልኝ» ብዬ ካሴት ልኬ።

ሥራው ከቡሬ ገጠር የአረም ዜማ ተነስቼ ለባህል ቡድናችን የደረስኩት ነው። መጀመሪያውን ብቻዬን አወርዳለሁ፣ ልጆቹ ይቀበላሉ።

«ስምሽ ገና ነው ልጄ» አሉኝ። «በእኔ ስም አዲስ አበባ ይግባ። በሩ ሲከፈት አንቺም ትገቢያለሽ።»

እምቢ አልኩ፤ ያኔ ነው ከመድረኩ ያወረዱኝ። የቡድኑ ኃላፊ «ኧረ እፈሪ! እንግዳ ናቸው!» ብሎ ጮኸብኝ።

ረቡዕ

አላለቀስኩም። ውሸት፤ አልቅሻለሁ።

የአውራጇን ቦታ ለኪቦርድ ሰጥተውታል። ልምምድ አያስገቡኝም። ከቡድኑ ዝናሽ መጣች፤ እናቷ ናቸው ዜማውን ያሰሙኝ።

«ቲቸር፣ ያ ኪቦርድ እኮ አያወርድም፤ ይጮሃል እንጂ። እማዬ ብትሰማው አረሙን ጥላ ቤቷ ትገባለች።»

ሳቅሁ። በዚህ ሳምንት የመጀመሪያዬ። እነ ዝናሽ አገር፣ በአረም ደቦ፣ አውራጇ ሳትጀምር አፍ መክፈት ነውር ነው።

ቅዳሜ

ከዛሬ ጀምሮ አንቱ አልለውም፤ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ።

ቡድናችን ዛሬ ለሕዝብ አቀረበ። አስተዋዋቂው «ድርሰትና ቅንብር፣ ጋሽ ይልማ» አለ። ከኋላ ተቀምጫለሁ። ዱላውን ሲያነሳ መብራት ሄደ። ኪቦርዱ ጸጥ። በመስኮት የሚገባው ብርሃን ይበቃል፤ ልጆቹ ዱላውን ያዩታል። ደግሞ አነሳ። ማንም አፉን አልከፈተም። ንቀት አይደለም፤ አውራጅ እየጠበቁ ነው። ዝናሽ በዓይኗ ትፈልገኛለች። አንዱ ታዳሚ «የኅሊና ጸሎት ነው እንዴ?» አለ። አዳራሹ ሳቀ።

ዝም ብል ውርደቱ ይበቃው ነበር። ዝም ማለት ፈልጌም ነበር። ግን የተሳቀው በልጆቹ ነው። ተነሳሁና ከኋላ ወንበር አወረድኩ።

ተቀበሉኝ! የቆርቆሮው ጣሪያ ሳይቀር።

እሱም ወዲያው ዱላውን በድምፄ ላይ አስኬደ። አሳምሮ። ያ ነው ያቃጠለኝ፤ እንዲያ የሚመራ ሰው አላውቅም።

ሲያልቅ እጅ ነሳ። እጁን ወደ እኔ ይዘረጋል ብዬ ጠበቅሁ። አልዘረጋም።

እሑድ

ወደ አዲስ አበባ ሊሳፈር ሲል መናኸሪያ ሄጄ ፊቱ ቆምኩ። አፌ ግን አንቱታውን አልተወም። «ዜማው የኔ ነው። አዲስ አበባም ቢያቀርቡት ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ።»

«ማን ይጠይቅሻል ልጄ?» አለኝ። በክፋት አይደለም። ግንባሬን ሊስመኝ ጎንበስ ሲል ሸሸሁ።

ሰኞ

ኃላፊው የአዳራሹን ቁልፍ ተቀበለኝ። «እንግዳ አዋርደሻል» አለ።

ዝናሽ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ቲቸር፣ ሐሙስ ልምምድ አለ?»

«አለ።»

«የት?»

«እናትሽ ማሳ። እያረምን።»

ሲመሻሽ አዲስ ዜማ መጣልኝ። ደስ ብሎኝ ቴፑ ውስጥ ባዶ ካሴት ከተትኩና ቀዳሁት። ሳላስበው «ጋሽ ይልማ ሲሰሙት ምን ይሉ ይሆን?» አልኩ።

ካሴቱ እጄ ላይ ነው። ለማን እንደምልከው አላውቅም።