ስለ ዶክተሩ አውራ ጣት ለመዝገብ ቤታችን ኃላፊ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የመዝገብ ቤታችን የበላይ ኃላፊ፤

ጉዳዩ፦ ቅናቴን ስለማሳወቅ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ ከጤናዎም ቀጥሎ መላው ሠራተኛ በየማለዳው ተጨንቆ የሚጠይቅለት የእጅ ስልክዎ ባትሪ እንደምን አድሯል እላለሁ። እኔ በሁለተኛው መስኮት ባለጉዳይ የማስተናግድ፣ በዚህ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆየሁ ሠራተኛዎ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ክብርዎን ለመዳፈር አስቤ ሳይሆን፣ የመልእክት አፕዎ በቀን አራት ጊዜ ስለሚዘጋ የምልክልዎ ሁሉ ድምፅ ሳያሰማ እየቀረ ስላስቸገረኝ መሆኑን በትሕትና አስረዳለሁ።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት፣ ሁላችንም “ዶክተሩ” እያልን የምንጠራው ባልደረባችን የመስኮቶች አስተባባሪ ሆኖ መሾሙን የሚያበስረውን ማስታወቂያ ቆሜ አነበብኩ። ዶክተሩ ከግዥ ክፍል ወደ እኛ ከተዛወረ ሰባት ወሩ ነው፤ የዶክተርነት ማዕረጉንም ያገኘው የሰው ስልክ እየተቀበለ የተከፈቱትን አፖች በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ወደ ላይ ጠርጎ በመዝጋት ብቻ ነው። ያን ወንበር እኔ እፈልገው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ባዶውን ሲቀመጥ ሥራውን ያለ ስሙ ስሠራው ኖሬአለሁና፣ ሰዎች ቀንታ ነው ቢሉ አልከራከርም፤ ቆሽቴ አርሯል። ይሁን እንጂ የቀና ሰው ሁሉ ዋሾ አይደለምና ቅሬታዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

፩. ክቡርነትዎ እንደሚያስታውሱት፣ ስልክዎ ቀትር ሳይደርስ ይጠፋብዎ በነበረ ጊዜ፣ ከብረት ካቢኔው ጀርባ ሆኖ ኔትወርክ ፍለጋ ሲባዝን ስለሚውል ወደ መስኮቱ ቢያስጠጉት፣ የስክሪኑንም ብርሃን ቢቀንሱት እንደሚሻል ያመለከትኩት እኔ ነበርኩ። እርስዎም “እስቲ ይሁን” ብለው ሁለቱንም አደረጉ። በዚያው ሳምንት ዶክተሩ ደረሰና ስልክዎን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ መስታወቱን እፍ ብሎ በእጅጌው ወልውሎ፣ ሃያ ሦስት አፕ ዘጋልዎ፤ ባትሪውም እስከ ሥራ መውጫ ቆየ። በማግስቱ ስብሰባ ላይ “ይህ ሰው ስልኬን ከሞት አስነሣው” ሲሉ ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እኔ ስለነበርኩ፣ የሌላውን ምስጋና ቃል በቃል የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል እሰማ ነበር፤ ደጃፉ የእኔ መሆኑን ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ።

፪. የእህቴ ባል ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ጠይቄው እንዳስረዳኝ፣ ስልኩ ከጀርባ የቀረውን አፕ ራሱ ያስተኛዋል፣ የተኛም ብዙ አይበላም፤ በየሰዓቱ ዘግቶ እንደገና ከዜሮ ማስነሣት ግን ጉልበት ይፈጃል፤ ደንዝዞ እምቢ ያለውን፣ ወይም እንደ መንገድ መሪው የካርታ አፕ ከጀርባ ሆኖ የሚሮጠውን ለይቶ መዝጋት ተገቢ ሲሆን የቀረውን መተው ይሻላል። እኔም በሰው ወሬ እንዳልመሰክር፣ የእርስዎን ዓይነት ስልክ ከያዙት ከበር ጥበቃው ጋር ተስማምቼ አምስት ቀን በዶክተሩ ሥርዓት አስጠርጌ፣ አምስት ቀን ሳላስነካ በየመውጫው ባትሪውን አይቼ መዘገብኩ፤ ሳይነካ የዋለው ስልክ በስድስት በሰባት ከመቶ በልጦ ተገኘ። የአንድ ስልክና የአንድ ሽማግሌ ምስክርነት ነውና ሳይንስ ነው አልልም፤ ጥበቃው ግን “ልጄ፣ ድሮም የተኛን ሰው እየቀሰቀሱ ተኛ ማለት ምን ይሉታል” ብለው ስልካቸውን ከእጄ ነጥቀው ኪሳቸው ከተቱት። ወረቀቱን ሳቀርብልዎ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ፤ አልፈርድብዎትም። “አይንኩት” የሚል ምክር ሥራ አይመስልም፤ እሱ ሲወለውልና ሲጠርግ ትጉህ ሆነ፣ እኔ እጄን ሰብስቤ “ይተዉት” ስል ሰነፍ ሆንኩ።

፫. ነገሩ በስልክ ቢያበቃ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ባልኩ ነበር። ከአምስት ሳምንት በፊት ግን “ክፍት የሆነ ነገር ሁሉ ጉልበት ይበላል” የሚል መርሕ ከዶክተሩ ተቀብለው፣ ማንኛውም ማህደር በየማታው ምድር ቤት ወደሚገኘው መደርደሪያ እንዲመለስ መመሪያ አወጡ። ቀድሞ ባለጉዳይ በየቀኑ የሚጠይቃቸውን አርባ የሚሆኑ ማህደሮች በክንዴ ልክ ከጠረጴዛዬ ጥግ ደርድሬ አኖር ነበር፤ አሁን ጠዋት ስልሳ ሁለት ደረጃ ወርጄ እነዚያኑ አርባ አወጣለሁ፣ ማታ እነዚያኑ አርባ እመልሳለሁ፣ በነጋታውም ያው። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። ባለፈው ሳምንት የልጇን የልደት ማስረጃ ለመውሰድ ሦስተኛ ቀኗን የተመላለሰች እናት፣ ከምድር ቤት እያለከለክሁ ስወጣ አይታ “እህቴ፣ ይቅርብሽ፣ ነገ እመጣለሁ” ብላኝ ሄደች። ጠረጴዛዎቻችን ግን፣ ለእንግዶች ሲያስጎበኙ እንዳሉት፣ እጅግ ንጹሕ ናቸው።

፬. ይህኛው የግል ነው። ባለፈው ሐሙስ በሻይ ክፍሉ ውስጥ የሒሳብ ክፍል ሴቶች ስልካቸውን ይዘው ለዶክተሩ ተሰልፈው አየሁ፤ ከጀርባቸውም ተሰለፍኩ። ምን እንደያዘኝ አላውቅም። ተራዬ ሲደርስ ስልኬን በሁለት እጁ ተቀብሎ ወዲያ ወዲህ አገላበጠና “ምነው እህቴ፣ እንዲህ አደከምሽው” አለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ውስጥ ስለ ድካም ያነሣልኝ ሰው ቢኖር እሱ ነው፤ የጠየቀው ስለ ስልኩ መሆኑ እንጂ። ለራሴ ስልክ ቀናሁበት። አፖቹን ሁሉ ዘጋልኝ፣ አመስግኜው ተመለስኩ፣ ባትሪውም በዚያ ቀን ከወትሮው ቀድሞ አለቀ። ሰውየውን መጥላት ስላልቻልኩ ያለኝን ሁሉ ወደ ክቡርነትዎ ማዞር ግድ ሆኖብኛል።

በመጨረሻም፣ ያልሠራ እንዲሾም፣ የሠራም በደረጃ መውጣትና መውረድ ጤናውን እንዲጠብቅ ስላደረጉልን አባታዊ እንክብካቤ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ለአዲሱ አስተባባሪ ሥራውን እንዳስተምረው በቃል ያስተላለፉልኝ ትእዛዝም ደርሶኛል፤ የትኛው ማህደር የት እንዳለ ከእኔ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ስለመሰከሩልኝ ኩራት ተሰምቶኛል።

የስልክዎ ባትሪ መቶ ሞልቶ እንዲውል፣ የጠረጴዛዎ ገጽ እንደ መስታወት እንዲያበራ ዘወትር እየተመኘሁ፣ ከአክብሮት በታች ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የሁለተኛው መስኮት ሠራተኛዎ

ግልባጭ፦
— ለዶክተሩ፣ አንብቦ ሲጨርስ እንዲዘጋው
— ለበር ጥበቃው፣ ለምስክርነት

ሳልረሳው፦ በመጪው ወር በጡረታ ሊሰናበቱን መሆኑን ሰምተን ሁላችንም አዝነናል። የግል ማህደርዎ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የአገልግሎት ማስረጃ እንደጎደለና እሱ ካልተገኘ እነዚያ ዓመታት እንደማይቆጠሩልዎ ያውቃሉ። ማንም ሳያዘኝ ማህደርዎን መሳቢያዬ ውስጥ አኑሬ፣ መመሪያው ሲወጣም ደብቄ፣ ሁለት ወር ሙሉ በየምሳ ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ገጽ ከአሮጌዎቹ መዝገቦች ጋር ሳመሳክር ቆይቼ፣ አርብ ዕለት መውጫ ላይ ማስረጃውን ከሌላ ሰው ማህደር ውስጥ ተሰክቶ አገኘሁት። ሰኞ ጠዋት ወደ ቢሮዎ ይዤው ስመጣ ነው ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ የቆምኩት። መመሪያ መመሪያ ነውና፣ ሁሉንም ወረቀት ወደነበረበት መልሼ በዚያው ዕለት መሳቢያዬን አጽድቻለሁ።