የዓይን ልጅ

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለማስተዋል፣ ሳላማንካ

እንደምን ከርመሽልኛል? የጉና ብርድ ዘንድሮ ቀድሞ ወረደብን እንጂ እኛ ደህና ነን። ደብዳቤሽን ለአባትሽ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

የዚያ አገር ሰዎች መልክን የሚጠሩባቸው ቃላት ከየት እንደመጡ የጻፍሽልን እንዴት አስገረመን! ለወርቃማ ጸጉር የሚሉት «ሩቢዮ» ጥንት ቀይ ማለት ነበር? በገላ ላይ ያለውን ጥቁር ነጥብ «ሉናር» የሚሉት ጨረቃ ያሳረፈችው መስሏቸው ነው? እኛ በጉንጭሽ ላይ ያለውን ነጥብ ማርያም ስማው ነው የምንለው። በየአገሩ እናት ሁሉ ልጇን ታቅፋ ወደ ሰማይ ቀና ማለቷን ሳስብ ሰውነቴን ነዘረኝ።

የዓይንን ብሌን «የዓይን ሴት ልጅ» ይሉታል ካልሽበት ስደርስ ግን አባትሽ ከመደቡ ተነሡ።

«ቆይ፣ ቆይ! እስቲ ድገሚው!»

ቀርቦ ብሌኑን ላየ ሰው ትንሽዬ ልጅ ስለምትታየው ነው ማለትሽን ደገምኩላቸው።

«ግእዙም እኮ ብንተ ዓይን ነው የሚለው፣ የዓይን ልጅ! ባሕር ማዶ ማን ነገራቸው?» አሉና ዕንባቸው መጣ። ይህን ሁሉ ዘመን ቅኔ ሲያስተምሩ እንዲህ ሲደነቁ አላየሁም።

መቼም ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ቀዶ ሕክምናውን እንቢ እንዳሉ ታውቂያለሽ። «የማስተምረው ሁሉ በቃሌ ነው፤ ዓይን ለምኔ?» እያሉ የለመናቸውን ሁሉ መለሱ።

«ነይ እስቲ፣ በኔም ዓይን ውስጥ አለች?» አሉኝ።

ወደ በሩ ብርሃን አዞርኳቸውና ተጠጋሁ። በነጣው ዓይናቸው ላይ ሻሽ ያሰረች ትንሽዬ ሴት አየሁ።

«አለች» አልኳቸው።

«ማስተዋል ናት!» ብለው እንደ ልጅ ሳቁ። ያየኋት እኔው ነበርኩ፤ ግን አብሬያቸው ሳቅሁ። ቆይተው «ታዲያ ልጄ ደጄ ድረስ ስትመጣ ሳላያት ልቀር ነው? በይ ውሰጅኝ» አሉ።

ሰኞ ለቀዶ ሕክምናው ባሕር ዳር እንሄዳለን። የመረመራቸው ሐኪም ያያሉ ብሎናል፤ አንቺም ጸልዪ። ይህንን ደብዳቤ ጎረቤታችን ገነት በስልኳ አንስታ ትልክልሻለች።

ደስ ብሎኛል፣ ፈርቻለሁም። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የሚያዩት እኔን ነው። መልኬን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት ጸጉሬ ጥቁር ሳለ ነበር። ትናንት መስታወት ፊት ስቆም ስቀመጥ ዋልኩ።

ልጄ፣ እዚያ አገር ሽበትን ምን ይሉታል? ጥሩ ነገር ከሆነ ከሰኞ በፊት ጻፊልኝ።

እመብርሃን የሳመችውን ጉንጭሽን ትጠብቅልኝ።

እናትሽ ወለተሥላሴ