እርግማኑን ሕግ ያደረገው ደብተር

ታምዬ፣ ከተለየኸኝ ዘጠኝ ወር ሊሞላ አራት ቀን ቀርቶታል። እስከዛሬ ያልጻፍኩልህ ተቆጥቼብህ ስለነበር ነው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፤ ግን ይህን ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሜሮን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፤ በቁመት በልጣኛለች። አንተ የስፌት መኪና ትጠግንበት የነበረው ሱቅ ከነመደዳው ፈርሶ መንገዱ ሰፍቷል። መፍቻዎችህን አልጋ ሥር አስቀምጫቸዋለሁ። የእኛ ግቢ እስካሁን አልተነካም እንጂ የፒያሳ ጎረቤቶቻችን አንዱ ጀሞ፣ ሌላው አያት ሄደው ተበትነዋል። የረቡዕ የጸሎት ኅብረታችን ግን አልተበተነም። ከሥራ መልስ ሁለት ታክሲ ይዘው ቴዎድሮስ አደባባይ ይወርዱና ዳገቱን በእግራቸው ይወጡታል። አንተ ካረፍክ ወዲህ ቃሉን የማካፍለው እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም። በመጀመሪያው ረቡዕ ሁሉም ወንበርህን ሲያዩ ጊዜ መጽሐፍ ቅዱሱን ከፈትኩ፤ በዚያው ቀጠልኩ።

ባለፈው ወር የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሴት ሆኜ ማስተማሬን ሰምተው ጠሩኝ። ሦስት ነበሩ፤ የተናገሩት ግን ወዳጅህ ጋሽ በቀለ ብቻ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የማስተማሪያ ደብተርህን አየሁ። ለካ ከዓመታት በፊት አውሰሃቸው ኖሯል።

«ይህ የማን እጅ ጽሑፍ ነው?» አሉኝ።

«የባለቤቴ።»

ስለ ሰው አፈጣጠር ያስተማርከውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ሔዋን ረዳት ሆና እንደተፈጠረች፣ ታክሲ ላይም ረዳት ሒሳብ ይሰበስባል እንጂ መሪ እንደማይጨብጥ የጻፍከውን። ቀኑ ትዝ አለኝ። ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆኖ ነበር። እኔም የሻይ ትሪ ይዤ በሩ ጋ ቆሜ ስቄያለሁ። በኋላ ጓዳ ገብቼ ብርጭቆ ሳጥብ ለምን እንዳለቀስኩ አልጠየቅከኝም፤ እኔም አልነገርኩህም።

«ዳዊትም እግዚአብሔርን ረዳቴ ይለዋል» አልኳቸው። «ታዲያ እግዚአብሔርም መሪ አይጨብጥም ልንል ነው?»

 ድፍረቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ በመጨረሻው ሰሞን የነገርከኝንም ነገርኳቸው። ገላህን አጥቤህ ትራስህን ሳስተካክል እጄን ይዘህ፣ «አስቱ፣ ሁለቱንም በመልኩ ነው የፈጠራቸው፤ ምድርን ግዙ የተባሉትም ሁለቱም ናቸው። ባልሽ ይገዛሻል የሚለው የመጣው ከወደቁ በኋላ ነው። እኔ እርግማኑን ሕግ አድርጌ ሳስተምር ኖርኩ» ያልከኝን። ለኅብረቱም ረቡዕ ዕለት ራስህ ልትነግራቸው ቃል ገብተህልኝ እንደነበር።

ጋሽ በቀለ መነጽራቸውን አወለቁ። «ታምራት ሐሳቡን ለውጦ ከሆነ ለእኛ ለምን አልነገረንም? በዚያ ረቡዕ እኮ እኔም አልጋው አጠገብ ነበርኩ።»

እውነታቸውን ነው፤ ነበሩ። ያ ሁሉ ሰው ከቦህ አፍ አፍህን ሲያይ፣ አንተ መጀመሪያ ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ እሳቸው ተመለከትክ። ከዚያ ዓይንህን ጨፍነህ ስለ አገር ሰላም ጸለይክ። በሳምንቱ አረፍክ።

ደክሞት ነው ማለት እችል ነበር። ማንም አይከራከረኝም። ቃሉ ከንፈሬ ላይ ደርሶም ነበር።

«ፈርቶ ነው» አልኳቸው። «እናንተን ፈርቶ ነው።»

በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራችን አንተን በሰው ፊት የወቀስኩት ያን ቀን ብቻ ነው። 

ውሳኔያቸውን በማግስቱ በስልክ ነገሩኝ፤ ኅብረቱን አንድ ወንድም እንዲመራ፣ እኔ እንዳግዘው። እምቢ አልኩ። በቀጣዩ ረቡዕ ከደብተሩ ጀምሬ አንተ ዝም እስካልክበት ቀን ድረስ ያለውን አንድም ሳልደብቅ ለሁሉም ተናገርኩ። አምስቱ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ዘግተው ወጡ። ዘጠኙ ቀሩ። ሜሮን ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታ ኖሮ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን፣ «አባዬ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ይናገር ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። አላውቅምም።

ትናንት ረቡዕ የጋሽ በቀለ ባለቤት ብቻቸውን ወደ ኅብረቱ መጡ። ባላቸው ያውቁ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። በመጨረሻ ማን ይጸልይ ስል እጃቸውን አነሱ። ስንት ዓመት ስንተዋወቅ፣ በሰው ፊት ድምፃቸውን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ቃሉ እየተቆራረጠባቸው ጸለዩ፤ ማንም አላቋረጣቸውም።

ታምዬ፣ ቁጣዬ ገና አልበረደም፤ ናፍቆቴም እንዲሁ። ሰው ስለ አንተ ሲጠይቀኝ መልካሙን ብቻ መርጬ አልናገርም። የተሳሳትከውንም፣ ታመህ ያየኸውንም እውነት፣ መናገር የከበደህንም አብሬ እይዛለሁ። ግማሽህን ብቻ ባስታውስ፣ የማስታውሰው ያገባሁትን ሰው አይሆንም።

አስቴርህ