እየተማረች መሆኗን ለማስመስከር ከክፍል ስለምትቀር ልጄ፣ ለመስኮት ቁጥር አራት የበላይ

ለተከበሩ የወጣቶች ትምህርት ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ፤ ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ዓይንዎ ደህና ይሁን። ዓይንዎን ለይቼ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባለፉት ሁለት ወራት ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች ሳይነበቡ የቀሩት ሕመም ቢያጋጥምዎት ነው ብዬ ስለሰጋሁ ነው። እነሆ አራተኛውን ለእርስዎ እንዳይከብድ በጋዜጣ አሳትሜዋለሁ፤ ዓይንዎ ካልተሻለዎት የሚያነብልዎ ሰው አይጠፋም።

እኔ ቁልፍ ቀራጭ ነኝ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ፣ አንድ ደንበኛ ሲገባ እኔ ትንፋሼን መሰብሰብ በሚኖርብኝ ጠባብ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። የመሥሪያ ቤትዎን የፊት በር ቁልፍ ሁለት ጊዜ የቀረጽኩት እኔ ስለሆንኩ፣ በሩ ቢያንስ የሚከፈት ነገር መሆኑን ከብዙ ባለጉዳዮች ይልቅ አውቃለሁ።

ከመቀጠሌ በፊት ፈሪ መሆኔን ልናዘዝ። ይህን ስጽፍ ባለቤቴ ከጎኔ ተቀምጣ፣ "ተው አንተ ሰውዬ፣ አርፈህ ተቀመጥ፤ ነገ የልጅቷን ስም በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዙልሃል" እያለችኝ ነው። ያለችው ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ። ሌላው ሰው ሲፈራ አፉ ይተሳሰራል፣ የእኔ ግን ይፈታል፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ቀልድ የሚመስል ነገር ቢያገኙ ድፍረት ነው ብለው እንዳይቀየሙኝ።

መሥሪያ ቤትዎ ከአሥራ ስድስት ዓመት በላይ የሆኑ ልጆች በቤት ችግር ምክንያት ትምህርታቸውን እንዳያቋርጡ በየወሩ ድጋፍ ይሰጣል። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ያለች ልጄም ከተረጂዎቹ አንዷ ናት። ድጋፉ ለአውቶቡሷ፣ ለደብተሯና ለምሳዋ ይበቃል፤ ከዚያ አልፎ ለቅንጦት እንዳይተርፋት በጥንቃቄ ስለለካችሁላት ከልብ እናመሰግናለን። እኔ ያለዚያ ድጋፍ ላስተምራት አልችልም። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው። ቅሬታዎቼም እነዚህ ናቸው።

አንደኛ። መመሪያችሁ፣ ተማሪዋ በትምህርት ገበታዋ ላይ መሆኗ ይረጋገጥ ዘንድ፣ በየወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት በመስኮት ቁጥር አራት በአካል ቀርባ እንድትታይ ያዛል። ማክሰኞ ጠዋት፣ ክቡር ሆይ፣ የትምህርት ሰዓት ነው። እንግዲህ ልጄ ክፍሏ ውስጥ መሆኗን ለማሳየት ከክፍሏ ወጥታ እናንተ ዘንድ መቆም አለባት ማለት ነው። ይህን ያሰበ ሰው፣ ዓሣው በሕይወት መኖሩን ለማረጋገጥ በየወሩ ከውኃ እያወጣ የሚያየው ዓይነት ሰው ይመስለኛል፤ እድሜና ጤና ይስጠው፤ ዓሣ ግን አያርባ።

ሁለተኛ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ሐቀኛ ሆኖ ተገኘ። ያልመጣችውን "ቀሪ" ብሎ ይመዘግባል፣ የቀሪዎቹንም ዝርዝር በወሩ መጨረሻ ለእናንተ ይልካል። እናንተም ስሟን ስታገኙት "ያለ ፈቃድ ቀርታለች" ብላችሁ የወሩን ድጋፍ ግማሹን ትቆርጡባታላችሁ። የቀረችው እናንተው ፊት ለመቆም መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ለማግኘት ያልረገጥነው ደጅ የለም። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ፣ "የኔ እመቤት፣ የት እንደነበርሽ የሚያውቁት እነሱ፤ ከእነሱ አጽፈሽ አምጪ" ብላ ሸኘቻት። የመስኮት አራቱ ወጣት ሹም በበኩሉ፣ "እህቴ፣ እኛ ስለ ራሳችን ደብዳቤ አንጽፍም፤ ቀጣይ" አላት። ልጄ እዚያው ቀን፣ እዚያው መስኮት ላይ፣ እሱ ራሱ የፈረመላትን የመቅረቢያ ወረቀት አውጥታ አሳየችው። አገላብጦ አየውና፣ "ይሄ እኮ እዚህ መሆንሽን እንጂ እዚያ አለመሆንሽን አያስረዳም" ብሎ መለሰላት። ልጄ ለቤተሰቡ ይህን ስትተርክ፣ "አባዬ፣ ፊዚክስ ካልገባኝ ከእንግዲህ እሱን ነው የምጠይቀው" ብላ እያሳቀችን ነበር። ያኔ ገና ትቀልድ ነበር።

ሦስተኛ። በመጠበቂያ አዳራሹ ውስጥ ያለው አግዳሚ ወንበር አንድ ነው፤ አንድ እግሩም ጡብ ነው። መስኮት ቁጥር አምስት ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

አራተኛ ብዬ በጨዋ ደንብ ብቀጥል ደስ ባለኝ፤ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ተራ ቁጥር የሚይዘው ነገር አይደለም። መመሪያችሁ በአንቀጽ ዘጠኝ፣ ሦስት ጊዜ የቀረች ተማሪ ከመዝገብ ትሰረዛለች ይላል፤ በአንቀጽ አሥር ደግሞ፣ አንድ ጊዜ መስኮቱ ላይ ሳትታይ የቀረች ተማሪ ከመዝገብ ትሰረዛለች ይላል። ልጄ ሁለት ማክሰኞ ታይታላችኋለች፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ቀርታለች። ሦስተኛው ማክሰኞ የፊታችን ነው። በዚያው ጠዋት የዓመቱ የሒሳብ ፈተና አለ። ከመጣች በአንቀጽ ዘጠኝ ትወጣለች፣ ፈተናውም ያመልጣታል፤ ካልመጣች በአንቀጽ አሥር ትወጣለች። መመሪያውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ለባለቤቴም አስነበብኳት፤ እንደ ቁልፍ ቀራጭ የምነግርዎ፣ ይህ በር ከውስጥም ከውጭም የተቆለፈ ነው።

አሁን የምፈራውን ልንገርዎ። በየጠዋቱ ሱቄ ፊት ለፊት አንድ ነጭ ሚኒባስ ይቆማል። የካርቶን ፋብሪካው ነው። ሠራተኛ ሰብሳቢው፣ ሁሉም "አጎቴ" የሚሉት ሳቂታ ሰው፣ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ "የጎደለ አለ?" ይላል፤ ሁልጊዜም አንድ የጎደለ ቦታ አለ። በዚህ ዓመት ከልጄ ክፍል ሦስት ልጆች በዚያ ሚኒባስ ሲገቡ ቆጥሬአለሁ፤ አንዱ የደብተር ቦርሳውን እንዳነገተ ነበር። ፋብሪካውን አውቀዋለሁ። በእሷ ዕድሜ "ለአንድ ክረምት ብቻ" ብዬ ገብቼ አሥራ አንድ ዓመት መቁረጫ ማሽኑ ላይ ቆሜአለሁ። የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች እዚያው ቀርተዋል፤ ቀሪ ብሎ የመዘገባቸው ግን የለም። በቀደሙት ማመልከቻዎቼ ላይ የእጅ ጽሑፌ ተንጋድዶ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ልጄ ክብ መሣያ ኮምፓሷን ለጎረቤት ልጅ ስትሰጥ አየኋት። ለምን ብላት፣ "ትርፍ ነው አባዬ" አለችኝ። ያላት ኮምፓስ አንድ ነው። በሁሉ ነገር ስትከራከረኝ ያደገች ልጅ፣ ራዲዮ ዝቅ አድርጊ ስላት እንኳ የሕገ መንግሥት አንቀጽ የምትጠቅስብኝ ልጅ፣ ሳምንት ሙሉ ለማንኛውም ነገር "እሺ" እያለችኝ ነው። የቤቱ ጸጥታ ጆሮዬን ይዞታል። በሥራ ቦታዬ ሚኒባሱ ሲቆም ቀና ብዬ ማየት ትቻለሁ፤ የማሽኑን ድምፅ ከፍ አድርጌ የማንም ያልሆነ ቁልፍ እቀርጻለሁ።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ ትንሽ ናት። መስኮት አራት በወር አንድ ቀን ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ለግማሽ ሰዓት ይከፈትልን፤ ልጆቹ ከትምህርት ሲለቀቁ ሮጠው ይደርሳሉ። ይህ የመሥሪያ ቤቱን አሠራር የሚያናጋ ከሆነ፣ እኔ በእሷ ፋንታ ቀርቤ ልታይ፤ አፍንጫችን አንድ ነው። ይህም ካልሆነ አንድ ሠራተኛ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዶ በክፍሉ መስኮት አሻግሮ ይያት፤ መንገዱ በእግር ስምንት ደቂቃ ነው፤ ሠራተኛው ይደክመኛል ካለ አዝዬው እሄዳለሁ። ለፊታችን ማክሰኞ ግን ጊዜ የለንምና፣ "ፈተና ላይ ነበረች" የምትል አንዲት መስመር ከነፊርማዎ ብትደርሰኝ፣ እስክሞት የመሥሪያ ቤቱን ቁልፎች በነጻ እቀርጻለሁ።

ላጠፋሁት ጊዜዎ፣ ለማያነበው ዓይንዎ፣ ለማይፈርመው እጅዎ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ ሰላምታዬን የማቀርበው ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ነው፤ የመስኮታችሁ ቀዳዳ ዝቅ ያለ በመሆኑ ቀና ያለ ሰው ድምፁ አይገባለትም።

ስሙን ባይጽፍም ታውቆ እንደሚገኝ የማይጠራጠር፣ ፈሪ ባለጉዳይዎ፣
የተማሪዋ አባት፣ ቁልፍ ቀራጩ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ለጋዜጣው ልሰጥ ስነሳ ልጄ ከትምህርት ቤት ገባች። መንገድ ላይ ከ"አጎቴ" ጋር ተነጋግራ ኖሯል። ፎቶግራፍ አልጠየቃትም፣ ማኅተም አልጠየቃትም፣ የት እንዳልነበረች የሚያስረዳ ወረቀትም አልጠየቃትም። "ቁርስሽን በልተሽ ትመጫለሽ ወይስ እኛ ጋ ትበያለሽ?" ብቻ ነው ያላት፤ ማክሰኞ በአንድ ሰዓት መቀመጫ ይዞ ይጠብቃታል። አራት ደቂቃ አልፈጀበትም፤ ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት ልምድ መቅሰም ካሻችሁ አድራሻውን እሰጣለሁ። የለመንኳት መስመር ሳትደርሰን ማክሰኞ ከነጋ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ አንድ ውለታ ብቻ ይዋሉልኝ፤ በዓመቱ መጨረሻ በምታወጡት ሪፖርት ላይ፣ "በጽሕፈት ቤታችን ድጋፍ ወደ ሥራ የተሸጋገሩ ወጣቶች" ከሚለው ረድፍ ውስጥ እንዳትቆጥሯት።